ኢግናዝ ሰመልቫይስ፦ ንጹሕ እጅ የእናቶችን ሕይወት እንደሚያድን ያሳየ ሐኪም

ኢግናዝ ሰመልቫይስ (1818–1865) የሃንጋሪ ተወላጅ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ነበር። በቪየና ከተማ በሚገኝ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ወላዶችን ይፈጅ የነበረው የአራስ ትኩሳት በሐኪሞች እጅ እንደሚተላለፍ ደረሰበት። ሐኪሞችና ተማሪዎች እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ በማድረግም የሞቱን ቁጥር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዝቅ አደረገው። በዘመኑ የነበሩ ብዙ ሐኪሞች ግን አልተቀበሉትም። ይህ ጽሑፍ የሕይወት ታሪኩን ያቀርባል፤ በመጨረሻም እርጉዝ ሴቶች፣ አራሶችና ቤተሰቦቻቸው ዛሬ ሊያውቁት የሚገባውን ይገልጻል። በጽሑፉ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአራስ ትኩሳት ምንድን ነው?

የአራስ ትኩሳት ከወሊድ በኋላ በማህፀን ወይም በብልት አካባቢ የሚጀምር ኢንፌክሽን ነው። የእንግዴ ልጁ ተላቆ ሲወጣ ማህፀን ውስጥ እንደ ቁስል ያለ ክፍት ቦታ ይቀራል። በዚያ በኩል ባክቴሪያ ከገባ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የታችኛው ሆድ ሕመምና መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ይከተላል። በጊዜ ካልታከመ ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ገብቶ መላ ሰውነትን ያውካል፤ እናቲቱንም ሊገድል ይችላል።

ዛሬ ለዚህ ሕመም አንቲባዮቲክ አለው። በሰመልቫይስ ዘመን ግን አንቲባዮቲክ ቀርቶ፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን በሽታ እንደሚያመጡም ገና አልታወቀም ነበር። በሽታው የያዛት ሴት ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትሞት ነበር፤ አዲስ የተወለደው ሕፃንም አንዳንዴ ይከተላታል።

ልጅነትና ትምህርት

ሰመልቫይስ ጁላይ 1 ቀን 1818 ዛሬ የቡዳፔስት ክፍል በሆነችው በቡዳ ከተማ ተወለደ። ሃንጋሪ በዚያን ጊዜ በኦስትሪያ ነገሥታት ሥር ነበረች። አባቱ በሸቀጣ ሸቀጥ ንግድ የሚተዳደር ሰው ሲሆን፣ ኢግናዝ ከአሥር ልጆች አምስተኛው ነበር። በ1837 ሕግ ሊያጠና ወደ ቪየና ሄደ፤ ብዙም ሳይቆይ ሕጉን ትቶ ወደ ሕክምና ትምህርት ተዛወረ። በ1844 በሕክምና ተመረቀ።

በመጀመሪያ የፈለገው የውስጥ ደዌ ሕክምናን ነበር። በዚያ ክፍል ቦታ ስላላገኘ ወደ ማዋለድ ሕክምና ገባ። ከዘመኑ ታላላቅ የቪየና ሐኪሞች ብዙ ተምሯል፤ በተለይ የአስከሬን ምርመራ ሊቅ ከነበረው ከካርል ሮኪታንስኪ ጋር መሥራቱ በኋላ ላይ ለደረሰበት ግኝት መሠረት ሆኖታል። በጁላይ 1846 በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል የአንደኛው ማዋለጃ ክፍል ረዳት ሐኪም ሆኖ ተቀጠረ። የክፍሉ ኃላፊ ፕሮፌሰር ዮሐን ክላይን ነበር።

በአንድ ሆስፒታል ሁለት ማዋለጃ ክፍሎች

ሆስፒታሉ ድሆች ሴቶችን በነፃ ያዋልድ ነበር፤ በምላሹም ሴቶቹ ለተማሪዎች መማሪያ ይሆናሉ። ማዋለጃው ለሁለት የተከፈለ ነበር። ከ1840 መጨረሻ ጀምሮ በአንደኛው ክፍል የሚማሩት የሕክምና ተማሪዎች ብቻ፣ በሁለተኛው ደግሞ አዋላጆች ብቻ ሆኑ። ምጥ ይዟት የምትመጣ ሴት የትኛው ክፍል እንደምትገባ የሚወሰነው በመጣችበት ቀን ነበር። ተረኛ ክፍሎቹ በየ24 ሰዓቱ ይፈራረቁ ነበር።

በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው ልዩነት አስደንጋጭ ነበር። ከ1841 እስከ 1846 ባሉት ስድስት ዓመታት በአንደኛው ክፍል ከወለዱት 20,042 እናቶች 1,989 ሞተዋል፤ ይህም ከመቶ አሥር ገደማ ነው። በሁለተኛው ክፍል ከወለዱት 17,791 እናቶች ግን የሞቱት 691 ናቸው፤ ከመቶ አራት አይሞሉም። ክፍሎቹ እንዲህ ከመለያየታቸው በፊት፣ ሐኪሞችና አዋላጆች በሁለቱም ክፍሎች ይማሩ በነበሩበት ጊዜ፣ የሞቱ መጠን ተቀራራቢ ነበር።

ይህን ልዩነት ከሐኪሞቹ ቀድመው የተረዱት ወላዶቹ ናቸው። የከተማዋ ድሆች ሴቶች አንደኛው ክፍል የሞት ክፍል መሆኑን ያውቁ ነበር። ተራው የዚያ ክፍል መሆኑን ሲሰሙ እንዳያስገቧቸው ተንበርክከው እያለቀሱ ይለምኑ ነበር። አንዳንዶቹ ወደ ሆስፒታል ሲጓዙ መንገድ ላይ ይወልዱ ነበር። እነዚያ ሴቶች፣ ያለ ሐኪም በጎዳና ላይ የወለዱት፣ በአንደኛው ክፍል አልጋ ላይ ከወለዱት ይልቅ በትኩሳቱ የሚያዙት ጥቂት ነበሩ። ሰመልቫይስን ዕረፍት የነሣው ይህ ነበር።

ምክንያቱን ፍለጋ

በዘመኑ ለአራስ ትኩሳት የሚሰጠው ምክንያት ብዙ ነበር። አብዛኞቹ ሐኪሞች በሽታው ከተበከለ አየር ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር። ሰመልቫይስ እያንዳንዱን ምክንያት ወስዶ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለውን ልዩነት ያስረዳ እንደሆነ መረመረ።

የከተማው አየር ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ክፍሎች የሚተነፍሱት አንድ አየር ነው። መጨናነቅ እንዳይባል፣ ሴቶች አንደኛውን ክፍል ስለሚሸሹ ይበልጥ የሚጨናነቀው ሁለተኛው ነበር። ምግቡም አንድ ዓይነት ነው። በሁለተኛው ክፍል ሴቶች በጎናቸው ተኝተው ስለሚወልዱ፣ በአንደኛውም እንዲሁ እንዲደረግ አዘዘ፤ ለውጥ አልመጣም። ለሟቾች ጸሎት ሊያደርስ የሚመጣው ቄስ ደወል እያስደወለ በአንደኛው ክፍል ስለሚያልፍ፣ የሚገድላቸው ፍርሃት ይሆናል የሚሉም ነበሩ። ቄሱ በሌላ መንገድ ያለ ደወል እንዲገባ ተደረገ፤ ሞቱ ግን አልቀነሰም።

የቀረው ልዩነት አንድ ነበር፤ የሚመረምሩት ሰዎች። ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች ጠዋት በአስከሬን ምርመራ ክፍል ይሠሩና ከዚያ በቀጥታ ወደ ወላዶች ይመጡ ነበር። አዋላጆቹ አስከሬን አይነኩም።

የወዳጁ ሞት

በማርች 1847 ሰመልቫይስ ለዕረፍት ወደ ቬኒስ ሄደ። ሲመለስ የጠበቀው መርዶ ነበር። ወዳጁ የፎረንሲክ ሕክምና ፕሮፌሰር ያኮብ ኮሌችካ አስከሬን ሲመረምር አንድ ተማሪ በስለት ጣቱን ወግቶት፣ ቁስሉ አመርቅዞ ሞቷል። ሰመልቫይስ የምርመራውን ውጤት ሲያነብ በኮሌችካ ሰውነት ውስጥ የተገኘው ጉዳት በአራስ ትኩሳት በሞቱት ሴቶች ላይ በየቀኑ የሚያየው መሆኑን ተገነዘበ። ኮሌችካ ወንድ ነው፤ አልወለደም። የገደለው ግን ያው በሽታ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ የደረሰበት ድምዳሜ ከባድ ነበር። ከአስከሬኑ የሆነ ነገር በስለቱ ወደ ኮሌችካ ደም ከገባ፣ ያው ነገር በሐኪሞችና በተማሪዎች እጅ ወደ ወላዶች ማህፀን እየገባ ነው ማለት ነው። እጃቸውን በሳሙና ቢታጠቡም የአስከሬኑ ሽታ አይለቅም ነበር። እሱ ራሱ ደግሞ ምክንያቱን ለማግኘት ካለው ጉጉት የተነሣ ከማንም በላይ አስከሬን ይመረምር ነበር። ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላ በነበረው የኤፕሪል ወር በክፍሉ ከወለዱት 312 እናቶች 57 ሞቱ። ሰመልቫይስ በእነዚህ ሞቶች የራሱም እጅ እንዳለበት አልሸሸገም፤ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ በግልጽ አስፍሮታል።

የክሎሪን ውሃ

በሜይ 1847 አጋማሽ ሰመልቫይስ በማዋለጃው ክፍል በር ላይ የክሎሪን ውሃ አስቀመጠ። ማንም ሰው ወላዶችን ከመንካቱ በፊት በዚህ ውሃ እጁን እንዲያሽ አዘዘ። ክሎሪንን የመረጠው የአስከሬን ሽታን ስለሚያጠፋ ነበር፤ ባክቴሪያ እንደሚገድል የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ቆይቶ ዋጋው ረከስ ወዳለው የክሎሪን ኖራ ተሸጋገረ። ዛሬ በቤታችን የምንጠቀምበት በረኪናም የዚሁ ዝርያ ነው።

ውጤቱ ፈጣን ነበር። በኤፕሪል ከመቶ 18 የነበረው ሞት በጁን ከመቶ 2 ገደማ፣ በጁላይ ደግሞ ከመቶ 1 ትንሽ ከፍ ያለ ብቻ ሆነ። በ1848 ዓመቱን ሙሉ በአንደኛው ክፍል ከወለዱት 3,556 እናቶች የሞቱት 45 ናቸው። ይህም ከሁለተኛው ክፍል ጋር እኩል ሊባል የሚችል ነው። በዚያው ዓመት በማርችና በኦገስት አንዲትም እናት አልሞተችም።

በ1847 መጨረሻ የደረሰ አንድ ክስተት ሐሳቡን ይበልጥ አሰፋለት። የሚመግል የማህፀን ካንሰር ያለባት ሴት በመጀመሪያው አልጋ ላይ ተኝታ ነበር። ሐኪሞቹ በመጀመሪያ እሷን፣ ከዚያ ሌሎቹን ተራ በተራ መረመሩ። በመካከሉ የታጠቡት በሳሙና ብቻ ነበር። አብረዋት ከነበሩት 12 ወላዶች 11 ሞቱ። ሰመልቫይስ በሽታው ከአስከሬን ብቻ ሳይሆን በሕይወት ካለ ሰው ቁስልም እንደሚተላለፍ ተረዳ። ከዚያ በኋላ ወደ ክፍሉ ሲገቡ ብቻ ሳይሆን ከአንዷ እናት ወደ ሌላዋ ሲሄዱም እጅ መታጠብ ግዴታ ሆነ።

ማስረጃው ለምን ተቀባይነት አጣ?

እንዲህ ያለ ውጤት ወዲያውኑ በመላው አውሮፓ ይሠራበታል ብለን እንጠብቅ ይሆናል። አልሆነም። ለዚህ ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው።

የመጀመሪያው፣ ግኝቱ ሐኪሞችን በራሳቸው ታማሚዎች ሞት ተጠያቂ ማድረጉ ነው። ይህን መቀበል ምን ያህል እንደሚከብድ የጀርመናዊው ሐኪም የጉስታቭ ሚካኤሊስ ታሪክ ያሳያል። ሚካኤሊስ የክሎሪን መታጠቢያውን በኪል ከተማ ሥራ ላይ ካዋሉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ነበር። ነገር ግን እሱ ያዋለዳት ዘመዱ በአራስ ትኩሳት ሞታ ነበርና፣ በጥፋተኝነት ስሜት ተሰቃይቶ በ1848 ሕይወቱን አጠፋ። ብዙዎቹ ሐኪሞች ግን ማስረጃውን መካድ ቀለላቸው።

ሁለተኛው፣ ሰመልቫይስ በእጅ የሚተላለፈው ነገር ምን እንደሆነ ማሳየት አልቻለም። ሦስተኛው ደግሞ የራሱ ድክመት ነው። ግኝቱን ለዓመታት በራሱ እጅ ጽፎ አላሳተመም። ስለ እሱ የጻፉትና የተናገሩት ፈርዲናንድ ሄብራና ዮሴፍ ስኮዳ የተባሉ ወዳጆቹ ነበሩ። በዚህ ምክንያት ብዙዎች ነገሩ አስከሬንን ብቻ የሚመለከት መሰላቸው። አስከሬን የማይነካባቸው ሆስፒታሎችም እኛን አይመለከተንም አሉ።

ከኃላፊው ከክላይን ጋር የነበረው ግንኙነትም ሻክሮ ስለነበር፣ በ1849 የሥራ ዘመኑ ሲያበቃ አልታደሰለትም። በ1850 እንዲያስተምር ፈቃድ ቢሰጠውም ትምህርቱ በአሻንጉሊት ላይ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። በዚህ ተቆጥቶ ወዳጆቹን እንኳ ሳይሰናበት ከቪየና ወጥቶ ወደ አገሩ ተመለሰ።

በፔስት ከተማ

ከ1851 ጀምሮ በፔስት ከተማ በቅዱስ ሮኩስ ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍሉን ያለ ደመወዝ መራ። እስከ 1855 ባሉት ዓመታት ከ933 ወላዶች በአራስ ትኩሳት የሞቱት 8 ብቻ ነበሩ። በ1855 በፔስት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። በዚያም ትኩረቱ ከእጅ አልፎ ወደ ዕቃና ወደ አልጋ ልብስ ሄደ፤ በደንብ ያልታጠበ አንሶላ በሽታውን እንደሚያስተላልፍ አሳሰበ። በ1857 ማሪያ ቫይደንሆፈርን አገባ፤ አምስት ልጆችም ወለዱ።

በ1861 ዋና መጽሐፉ ታተመ። መጽሐፉ በቁጥርና በሰንጠረዥ የተሞላ ቢሆንም፣ ረጅምና በተቃዋሚዎቹ ላይ በቁጣ የተነዘዘ ነበር። ስመ ጥር ሐኪሞች ነቀፉት። ሰመልቫይስም ለማይቀበሉት ፕሮፌሰሮች ግልጽ ደብዳቤዎችን እያሳተመ ነፍሰ ገዳዮች ብሎ ከሰሳቸው። ይህም ይበልጥ አራቃቸው።

የመጨረሻ ቀናት

በ1865 ጠባዩ መለወጡን ቤተሰቡና ባልደረቦቹ አስተዋሉ። የሕመሙ ምንነት ዛሬም ያከራክራል። በጁላይ መጨረሻ በቪየና አቅራቢያ ወደነበረ የአእምሮ ሕሙማን ተቋም ተወሰደ። ያደረሰው የቀድሞ ወዳጁ ሄብራ ሲሆን፣ ወዴት እንደሚሄድ ግን አልተነገረውም ነበር። እውነቱን ሲረዳ ለመውጣት ታገለ፤ ጠባቂዎቹ ክፉኛ ደበደቡት። በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ኦገስት 13 ቀን 1865፣ በ47 ዓመቱ ሞተ። የገደለው ቁስሉ አመርቅዞ ደሙን የመረዘው ኢንፌክሽን ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ በእናቶች ላይ የተዋጋው ዓይነት።

በዚያው ወር በስኮትላንድ ጆሴፍ ሊስተር የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ ማከም ጀመረ። በ1879 ደግሞ ሉዊ ፓስተር በአራስ ትኩሳት በታመሙ ሴቶች ላይ የሚገኘውን ባክቴሪያ ለይቶ አሳየ። ሰመልቫይስ ያላየው ነገር ታየ፤ ትክክል እንደነበረም ታወቀ። በ1891 አጽሙ ወደ ቡዳፔስት ተመለሰ። ዛሬ በከተማዋ ያለው ትልቁ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ በስሙ ይጠራል።

ከእሱ ሥራ እስከ ዛሬው ጥናት

የሰመልቫይስ ማስረጃ ጠንካራ የሆነው ሴቶቹ ወደ ሁለቱ ክፍሎች የገቡት በቀን ተራ ስለነበር ነው። በአንደኛው የሞቱት ይበልጥ ድሆች ወይም ይበልጥ ደካሞች ስለነበሩ ነው ማለት አይቻልም። ዛሬ ተመራማሪዎች ይህንኑ ፍትሐዊ ማነጻጸር ሆን ብለው በዕጣ ያደርጉታል።

ለምሳሌ በ2023 የታተመ ጥናት በእስያ፣ በአፍሪካና በላቲን አሜሪካ በሚገኙ ሰባት አገሮች ከ29,000 በላይ ምጥ የያዛቸው ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። በምጥ ጊዜ አንድ ጊዜ አዚትሮማይሲን የተሰጣቸው እናቶች ወደ ደም የገባ ኢንፌክሽን ወይም ሞት የደረሰባቸው ከመቶ 1.6 ሲሆኑ፣ ካልተሰጣቸው መካከል ከመቶ 2.4 ነበሩ። በቀዶ ሕክምና ለምትወልድ እናትም ቆዳዋ ከመቀደዱ በፊት አንቲባዮቲክ መስጠት ኢንፌክሽንን እንደሚቀንስ በብዙ ጥናቶች ተረጋግጧል። እነዚህን መድኃኒቶች መስጠት የሕክምና ባለሙያ ውሳኔ ነው፤ በራስ ገዝቶ መዋጥ አይገባም። መድኃኒቱም ንጹሕ እጅን አይተካም።

ለእናቶችና ለቤተሰቦች

ኢንፌክሽን ዛሬም በዓለም ላይ እናቶችን ከሚገድሉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። የሚከተሉትን ያስታውሱ።

• የሚመረምርዎት ባለሙያ እጁን ስለመታጠቡ በአክብሮት መጠየቅ መብትዎ ነው። እርስዎ በምጥ ላይ ሆነው መናገር ካቃተዎት አጠገብዎ ያለ ቤተሰብ ሊጠይቅልዎ ይችላል። ጓንት ማድረግ እጅ መታጠብን አያስቀርም።

• እጅን በውሃና በሳሙና መታጠብ ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ፣ በአልኮል ማሸት ደግሞ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ሊወስድ ይገባል።

• አራስ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሁሉ እናቲቱንና ሕፃኑን ከመንካቱ በፊት እጁን ይታጠብ። የታመመ ሰው ጥየቃውን ለሌላ ቀን ቢያቆየው ይሻላል።

• በረኪና ለዕቃና ለወለል እንጂ ለሰውነት አይደለም። በብልት ውስጥ በረኪና፣ ሳሙና፣ ቅጠላ ቅጠል ወይም ሌላ ማንኛውንም ነገር አያስገቡ።

• ከወለዱ በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታት ውስጥ ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፦ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ወይም ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና መንቀጥቀጥ፣ ከባድ የሆድ ሕመም፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ከባድ የደም መፍሰስ፣ ከቀዶ ሕክምና ወይም ከስፌት ቁስል የሚወጣ መግል፣ የትንፋሽ ወይም የልብ ምት መፍጠን፣ ራስን መሳት ወይም መዘባረቅ።

• ትኩሳቱን የብርድ ነው፣ የወተት ነው ብሎ በቤት ማቆየት አደገኛ ነው። የአራስ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሊብስ ይችላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን ይድናል።

ማሳሰቢያ፦ ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ የቀረበ ነው፤ የሐኪምን ወይም የአዋላጅን ምርመራና ምክር አይተካም።